አባባ ሬዲዮ ጣቢያ የደወሉ ዕለት

ውድ እታለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር "ኡፍ" ትያለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ አማትሽ እንዴት ከርመዋል? ብርዱስ ቀለል አለላችሁ? እኛ በጣም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ አባባ ደህና ናቸው፣ እኔም እጄ ከመቀስ ሳይለይ የሰው ፀጉር ሳራግፍ እውላለሁ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁ። "በየስልኩ የሚዞረውን፣ ያን 'ሚስቴ ታንሾካሽክብኛለች' የሚለውን ሰውዬ ሰማኸው? ሥራ ቦታ በሳቅ ሞተናል። ድምፁ ግን ቁርጥ አባባን!" ብለሻል። እታለሜ፣ መምሰል ብቻ አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው። አሁን ሳቅሽን ዋጥ አድርጊና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባባ ከከባድ መኪናው መሪ ከወረዱ ወዲህ ሥራቸው ሬዲዮ ሆኗል። ጠዋት መስኮቱ ሥር ይሰየማሉ፤ ድምፁን እስከ ጥግ ይለቁታል። እርሻ የላቸውም፣ የማዳበሪያ ምክር አያመልጣቸውም። የነፍሰ ጡሮችን ፕሮግራም ሳይቀር ሰምተው ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ያስተላልፋሉ። እውነት ለመናገር ጠቅመውናል። ውኃ የሚጠፋበትን ቀን ሰፈሩ የሚያውቀው ከሳቸው ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሆዱን ታሞ ሰውነቱ ሲዝልም ስኳርና ጨው በጥብጣ እንድታጠጣውና ፈጥና ወደ ሐኪም እንድትወስደው የነገሯት እሳቸው ናቸው። ክፋቱ ሬዲዮ ያልተናገረውን አለማመናቸው ነው። ልብሴ በስብሶ ገብቼ "ዝናብ እየጣለ ነው" ብላቸው የአየር ትንበያውን ይጠብቃሉ።

በዚህ መሃል ከእማዬ ጋር ተኳረፉ። እሷ "ስናገረው አይመልስልኝም፤ መፈጠሬንም ረስቶታል" ትላለች። እሳቸው ደግሞ "ደመወዝ ማምጣት ባቆም ድምፅዋን ቀነሰችብኝ፤ ለጡረተኛ ትንፋሽ አይባክንም ብላ ነው" ይላሉ። እኔ በሁለቱ መሃል እንደ ፖስተኛ ስመላለስ ከረምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፈራችንን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፀጉር ግማሹን አንስቼ፣ ከቤታችን ጎን ባለው ሱቄ በሬዲዮ የትዳር ምክሩን ፕሮግራም እየሰማን ሳለ፣ "ሄሎ! ሄሎ! ገባሁ?" የሚል ድምፅ ጆሯችንን በጠሰው። አባባ! ለካ ጓዳ ገብተው እየደወሉ ኖሯል። አዘጋጇ "ማን ልበል?" ስትላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አሉ። "ከየት ነው የሚደውሉት?" አለች። "እህ! ከተጋባን ሠላሳ ዓመት አልፎናል!" አሉ። ሬዲዮአቸው ከኋላ ስለሚጮህ መስመሩ ያፏጫል፤ ልጅቱ በትሕትና "አባቴ፣ እባክዎ ድምፁን ይቀንሱልን" አለቻቸው። አባባ በደስታ ዘለሉ፤ "ይኸውልሽ! ገባሽ! ድምፅዋን ቀነሰችብኝ! ሚስቴ ታንሾካሽክብኛለች!" አሉ። "በግልጽ ተወያይታችሁበታል?" ስትላቸው ደግሞ "ታያለች እንጂ፣ ዓይኗስ ደህና ነው!"

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጨርቁ ሥር ሆኖ በሳቅ ሲንፈራፈር ማሽኔ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ መንገድ አውጥቶበት ወረደ። ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ሙልጭ አድርጌ ላጭቼ ሸኘሁት።

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ወደ ቤት እየሮጠች መጥታ ለእማዬ አወራችላት። እማዬ ግን አልሳቀችም። "አንሾካሾከችብኝ አለ? በዓለም ፊት? እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሹክም አልለው" አለች። ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣዋን አውርዳ አክስታችን ዘንድ ልትሄድ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። ብለምናትም እሺ አላለች። "እሱ ወሬውን ለሕዝብ እንደነገረ፣ ምግቡንም ሕዝብ ያብስልለት" ነው ያለችኝ።

ሰፈሩ ደግሞ አበደ። አንድ ሥራ ፈት የአባባን ድምፅ ቆርጦ በስልክ በተነው፤ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ባልኩበት የሰው ስልክ በአባቴ ድምፅ ይጠራል። ሱቄ ፍርድ ቤት ሆነ። ትናንት ሰላም የነበረ ባል ሁሉ ዛሬ "የኔዋም ሳታንሾካሽክ አትቀርም" እያለ ፀጉሩን ሊቆረጥ ይመጣል። ሴቶቹ በተራቸው ለፕሮግራሙ እየደወሉ ባሎቻቸውን ሲያስጠነቅቁ፣ የተላጨው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈርቶ ሰሃን ማጠብ ጀመረ። አንዲት ሬዲዮ ይህን ሁሉ ሰው ታንቀሳቅሳለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

በሳምንቱ አዘጋጇ የጆሮ ሐኪም ይዛ ቀረበች። የአባባን ድምፅ አሰማችው። ሐኪሙ ሳቀና ወዲያው ቁም ነገር ያዘ፤ "እኚህ አባት ያለባቸው የጆሮ እንጂ የትዳር ችግር አይመስለኝም። የሚጮህ ሞተር አጠገብ የኖሩ ሰዎች መስማታቸው ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፤ ራሳቸው አያውቁትም፤ ሰው ሁሉ የሚያንሾካሹክ ይመስላቸዋል። ይመርመሩ" አለ። ወደ ቤት ሮጥኩ። አባባ ሬዲዮው ላይ ተደፍተው አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ሰምተዋል። ቀና ብለው አዩኝና "ምስኪን! ሰውዬው ደንቁሯል እኮ" አሉኝ። "ሚስቱስ እንዴት ችላው ኖረች?"

የገዛ ድምፃቸውን አላወቁትም! "አባባ፣ እርስዎ ነዎት!" ብዬ ጮህኩ። "አትጩህብኝ፣ ደንቆሮ አይደለሁም" አሉ።

ሻንጣዋን ሸክፋ ሳምንቱን ሙሉ "ነገ እሄዳለሁ" ስትል የሰነበተችው እማዬ በጓዳው በር ስታየን ቆየች። ተመልሳ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለችና ስልኳን አነሳች። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ ከሬዲዮው ወጣ፤ ቤቱን ሞላው። "መስኮት ሥር ያለኸው ሰውዬ፣ የደነቆረው አንተ ነህ። እኔ አንሾካሹኬብህ አላውቅም። ጡረታ የወጣህ ዕለት 'እንኳን ቤትህ ገባህ፤ ይህን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት' ብልህ 'አይ፣ ጨው አላነሰውም' ብለኸኛል።"

አባባ ከወንበራቸው ተነሱ። ሬዲዮውን ዘጉ፤ በገዛ እጃቸው! ጓዳ ገቡና "ምን ነበር ያልሽው? ድገሚልኝ" አሏት። እማዬ ጮክ ብላ ደገመችላቸው። ያለ ሬዲዮ ጣቢያ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ልብስ ሰፊዋ በግድግዳው ማዶ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

አሁን ከጆሯቸው ጀርባ ባቄላ የምታክል መሣሪያ ተደርጎላቸዋል። የሚያመልጣቸው ነገር የለም። "ይህ በር ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያላዝነው?" ይላሉ፤ ሱቅ ሆኜ ደንበኛ ሳማ ከሳሎን ይገሥጹኛል። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽም ለዚህ ነው። እማዬማ ስታማቸው አሁን በእውነት ማንሾካሾክ ጀምራለች።

ማታ ማታ ሳይሰሙ ያመለጣቸውን ሁሉ እያስታወሰች ትነግራቸዋለች። ትናንት አንቺ የሄድሽበት ቀን ላይ ደረሱ። በር ላይ አቅፈሻቸው "አባባ፣ ያለ እርስዎ መንገዱ ይጠፋብኛል" ብለሻቸው የለ? እሳቸውም "ሻንጣውን ቆልፌዋለሁ፤ ሂጂ በቃ" አሉሽ። ተቆጥተውብኛል ብለሽ እያለቀስሽ ሄድሽ። እታለሜ፣ ያኔም አይሰሙም ነበር ለካ። እማዬ ስትነግራቸው "እንዲህ ብላኝ ነው የሄደችው?" አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ።

ባለቤትሽን አክብሬ ሰላም ብያለሁ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቁን ልጅሽን ፀጉሩን ለሌላ ፀጉር አስተካካይ እንዳይሰጥ ንገሪልኝ፤ ትንሿን አለቃ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚያት። እማዬ ትስምሻለች። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ፀጉሩ በቅሎለት ሰላም ብሏል። አባባ ግን ከጠዋት ጀምረው ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ደውዪላቸው። ድምፅሽን ከፍ ማድረግ አያስፈልግሽም።

ወንድምሽ
ከፀጉር ቤቱ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት
የካቲት ፱ ቀን