ሪፖርት የሆነብኝ ድርሰት

እሑድ፣ ግንቦት 3

ከአሥር አራት! አራት! ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አገላብጬ አየሁት። ያው አራት ነው።

መቆጣት አይገባኝም። መምህር ዳዊት ከሆሳዕና ተመድቦ እዚህ አሶሳ የመጣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው። ለውጭ ትምህርት ዕድል የእንግሊዝኛ ፈተና የምንዘጋጀውን ጥቂት ሰዎች እሑድ እሑድ በነፃ ያስጠናናል። ላመሰግነው ሲገባ ተቆጣሁ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት።

ርዕሱ «ተማሪዎች ሞባይል ይዘው ክፍል መግባት አለባቸው ወይ?» የሚል ነበር። ሁለቱንም ወገን አይተሽ የራስሽን አስተያየት ስጪ ይላል። እኔ ምን አደረግኩ? ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ሞባይልን ወገርኩት። የሚደግፉትን «ሰነፍ ወላጆች» አልኳቸው። መምህር ዳዊት ከታች በቀይ «ሌላው ወገንስ የት ሄደ? ሞተ?» ብሎ ጽፎልኛል።

ሐዋ አንብባ በሳቅ ፈረሰች። ሐዋ አብራኝ የምትፈተን ነርስ ናት። አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛዋ ሁሌም ወንድ ታደርገኛለች፤ እኔም ለምጄዋለሁ። «ከድጃ፣ አንተ ድርሰት አልጻፍክም። ጠብ ነው የጻፍከው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ፈተናው ቅዳሜ ነው። አምና ንባቡንም ማዳመጡንም አልፌ በጽሑፍ ወደቅኩ። ዘንድሮ ዕድሜዬ ለትምህርት ዕድሉ የተፈቀደው ጣራ ላይ ደርሷል፤ ከወደቅኩ ሌላ ዓመት የለኝም። ስለ አፈር መማር የምፈልገው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ አሁን በአንድ ድርሰት ሊቀርብኝ ነው።

እስከ ቅዳሜ፦
ሁለት ወገን ማየት መልመድ።
በአርባ ደቂቃ መጨረስ።
የኃላፊዬ የፈቃድ ደብዳቤ (እስከ ዓርብ! ቅዳሜም ሥራ አለ ብለዋል)።
አለመቆጣት።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ገባኝ! ወላሂ ገባኝ!

በምሳ ሰዓት የቢሮውን በር ዘጋሁና ሰዓት ይዤ ጻፍኩ። ርዕስ፦ ቱሪስት ለአንድ አካባቢ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ማንንም አልሰደብኩም። አንድ አንቀጽ ለጥቅሙ፣ አንድ አንቀጽ ለጉዳቱ፣ ከዚያ መደምደሚያ። እጄ ራሱ ነው የሚጽፈው፤ እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። በሠላሳ አንድ ደቂቃ ጨረስኩ። ሠላሳ አንድ! ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለመምህር ዳዊት ላክሁለት።

ማታ ቤት ስገባ እማ ሳህን እንኳ አላስነካችኝም። «አንች አጥኚ፣ የሳህኑን ነገር ለኔ ተይው» አለችኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ባሕር ልትሻገር ነው» ብላ ጨርሳለች። ኧረ እማ፣ ገና አልተፈተንኩም! ብላት «አፍሽን በመልካም ክፈች» አለችኝ። በደርግ የሠፈራ ጊዜ ከወሎ በልጅነቷ የእናቷን እጅ ይዛ የመጣች ሴት ናት። እሷ ስትኮራብኝ ሌላ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

መምህር ዳዊት መለሰልኝ። «ሚዛኑ ጥሩ ነው። ግን ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

እኔ ነኛ! ማን ይጻፍልኝ? ደሜ ፈላ። ኮርጃለሽ እያለኝ መሰለኝ። ደውዬ ልለቅበት ስል ድርሰቴን እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ብቻዬን በሳቅ ሞትኩ።

በአንድ በኩል ጠንካራ ጎኖች ታይተዋል። በሌላ በኩል ክፍተቶች ተስተውለዋል። በቀጣይም የሚመለከታቸው አካላት ተቀናጅተው ሊሠሩ ይገባል። ይሄ ሁሉ በእንግሊዝኛ! ድርሰት አይደለም፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ነው! ለካ እጄ ራሱን ችሎ የጻፈው ለዚህ ኖሯል። ሰባት ዓመት ግብርና ቢሮ ሪፖርት ስጽፍ የኖርኩ ባለሙያ ነኝ። እንቅልፍ ላይ ሆኜም እጽፈዋለሁ።

ደውዬ ስነግረው እሱም ሳቀ። «አስተያየትሽን ለሚመለከተው አካል አስተላልፈሻል» አለኝ፤ «ከድጃ፣ እዚህ ጋ የሚመለከተው አካል አንቺ ነሽ።»

ቀኑን ሙሉ ይሄን ሳሰላስል ዋልኩ። በሰባት ዓመት ውስጥ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል» ብዬ የጻፍኩበት አንድ ወረቀት አለ? የለም። እኛ ቢሮ አስተያየት ማለት በሩ ላይ የተሰቀለው ሳጥን ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። በአፌ ስናገር ግን ማን ይቻለኛል! ባጃጅ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አስተያየት አለኝ። ወረቀት ስይዝ ነው የምጠፋው። እሑድ ተሳዳቢ፣ ሰኞ ቢሮ። መሃል ላይ ያለችው ከድጃ የት ናት?

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ምርጥ ቀን!

ከሐዋ ጋር ጤና ጣቢያዋ ጀርባ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ዘንድሮ ማንጎው በዝቶ የወደቀውን የሚያነሳ የለም። የተለማመድነው አስተያየት መስጠት ነው፤ ማንኛውም ነገር ይሁን፣ ምክንያት ብቻ ይኑረው። የኔዎቹ፦

ያልበሰለ ማንጎ በበርበሬ እንጂ በጨው አይበላም፤ ጨው ጎምዛዛውን ያበላሸዋል።
ከምሳ በኋላ ስብሰባ መጥራት በሰው ላይ ግፍ ነው፤ ማንም አይሰማም።
ባጃጅ ላይ አራተኛ ሰው መጫን ክልክል መሆን አለበት፤ አደጋ ነው (አራተኛዋ እኔ ከሆንኩ ግን ይታሰብበት)።

ሐዋ «አንተ አስተያየት ሞልቶሃል። የሌላውን ሰው ነው የማትሰማው» አለችኝ። ከዚያ የሥራዋን ነገር ነገረችኝ። እሷ ጋ በሽተኛው አንዱ በበርታ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በተሰባበረ አማርኛ ነው የሚያወራት። ስለዚህ መድኃኒት ከመጻፏ በፊት ሕመሙን መልሳ ለራሱ ለበሽተኛው ትነግረዋለች። «‹አዎ፣ እንደዚህ ነው ያመመኝ› እስከሚለኝ እናገራለሁ። ‹አዎ› ካላለ አልገባኝም ማለት ነው። ‹አዎ› ካለ በኋላ የኔን እናገራለሁ።»

ያ ረቢ! ሚዛናዊ ድርሰት ማለት ይሄው አይደል? መጻሕፍቱ አሥር ገጽ የፈጁበትን ሐዋ በሦስት አረፍተ ነገር ጨረሰችው። ተነስቼ ሳምኳት። «ፈተና ነው፣ ሠርግ አይደለም» አለችኝ።

እዚያው ሦስተኛውን ድርሰት ጻፍኩ። ሞባይሉን ደገምኩት። የሞባይል ደጋፊዋን እናት ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት፤ ልጇ ከትምህርት ቤት ሲዘገይ የምትጨነቅ እናት። «አዎ፣ ለዚህ ነው» እስክትለኝ ጻፍኩላት። ከዚያ የኔን አልኩ። የኔ አልተለወጠም፣ ሞባይል ክፍል አይግባ! ሰነፍ የምትባል እናት ግን የለችም።

ከሰዓት ቢሮ ተመልሼ በዚያው ሙቀት የአሥር ወሩን ሪፖርት ጨርሼ አስገባሁ። ደከመኝ፣ ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ጉድ ሆንኩ።

ጠዋት ኃላፊዬ አቶ ተሰማ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ የፈቃድ ደብዳቤዬ ነው፤ አልተፈረመም። ሌላው ትናንት ያስገባሁት ሪፖርት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ተከቦበታል። ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው አነበቡልኝ፦ «በእኔ እምነት የማንጎ ችግኙ ዝናብ ሳይጥል መሰራጨቱ ስህተት ነበር።»

እኔ ነኝ የጻፍኩት! ከማንጎው ሥር ተነስቼ ቀጥታ ሪፖርቱ ላይ! ድርሰት የሆነ ሪፖርት። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«ከድጃ፣ ይሄ ሪፖርት ነው ክስ?» አሉኝ። «ወደ ላይ የሚሄድ ወረቀት ላይ ‹በእኔ እምነት› ብሎ ነገር ከየት መጣ?»

ድሮ ቢሆን ወይ እጮህ ነበር፣ ወይ «ይስተካከላል» ብዬ እወጣ ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው የሳቸው ወገን ነው። ችግኙን የሚጭነው መኪና የተገኘው መጋቢት ላይ ለዚያች ሳምንት ብቻ ነበር አልኳቸው። ሩብ ዓመቱ ሊዘጋ ነበር። ከላይ በየቀኑ «አሰራጫችሁ ወይ?» እያሉ ይደውሉልዎ ነበር። ባያሰራጩ ችግኙ እዚሁ ግቢ ውስጥ ይበላሽ ነበር።

«ታዲያስ!» አሉ። «እንደሱ ነዋ!»

ቀጠልኩ። ገበሬው ደግሞ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ከወንዝ በጀሪካን ተሸክሞ ውኃ አጠጥቶ፣ ችግኙ ዓይኑ እያየ ደረቀበት። ቀጥሎ ስንሰጠው አይቀበለንም። እኔ በበኩሌ መጠበቅ ነበረብን እላለሁ፤ ለመጪው ዓመት መኪናውን ለግንቦት እንጠይቅ። አልጮህኩም።

ሪፖርቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ዓይኔ ያልተፈረመው ደብዳቤ ላይ ነው። ከዚያ እስክሪብቶ አንስተው «በእኔ እምነት» የሚለውን ሰረዙና በላዩ ላይ «በባለሙያዋ እምነት» ብለው ጻፉ። «ስምሽን ከሥሩ ጻፊና ፈርሚ። ቢጠይቁኝ አንቺን ነው የምጠራው።» ፈረምኩ። እሳቸውም ደብዳቤዬን ፈረሙ፤ ማኅተሙን ራሳቸው መቱልኝ።

አልሐምዱሊላህ! ከቢሮ ወጥቼ መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ባጃጅ ነጂው «እመቤት፣ ደህና ነሽ?» አለኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ከአሥር ስምንት!! የሦስተኛው ድርሰት ውጤት ነው። መምህር ዳዊት ከታች «አገኘኋት» ብቻ ብሎ ጽፏል።

መብራት የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሁለት እስክሪብቶ፣ መታወቂያ፣ ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልያለሁ። እማ በግድ አጥሚት አጠጣችኝ። ሌላ ምንም አልጽፍም፤ እጄን ላሳርፈው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

አለቀ!

ርዕሱን ሳነብ ደነገጥኩ። «አንዳንዶች ርቀው የተማሩ ወጣቶች ተመልሰው የተወለዱበትን አካባቢ ማገልገል አለባቸው ይላሉ። ሌሎች የተሻለ ሥራ ባገኙበት ቢቀሩ ይሻላል ይላሉ።» ስለኔ ሰምተው ነው እንዴ ያወጡት? አምስት ደቂቃ ሙሉ ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ «ይመለስ» የሚለውን ሰው ፊቴ አስቀመጥኩ። አስተማሪ የሌለው ትምህርት ቤት አለበት። ያሳደገው መንደር ታሞ ሐኪም ፍለጋ በመኪና ሲጉላላ ያያል። እናት አለችው፣ በር በሩን የምታይ። «አዎ፣ ለዚህ ነው» እስኪለኝ ጻፍኩለት። «ይቅር» ለሚለውም ጻፍኩለት፤ የተማረውን የሚሠራበት ዕቃ ከሌለ ተመልሶ ምን ይሠራል? ቁጭ ብሎ ሪፖርት ሊጽፍ?

በመጨረሻ የኔ፦ በእኔ እምነት ሰው እውቀቱ የሚሠራበት ቦታ ይሁን፤ በግዴታ የተመለሰ ሰው ለመንደሩም አይሆን። የመጨረሻዋን ነጥብ ሳሳርፍ ፈታኙ «እስክሪብቶ አስቀምጡ!» አለ። በዚያች ሰዓት!

ደጅ ላይ ሐዋን አገኘኋት። እሷ «መመለስ አለበት» ብላ ነው የጻፈችው! እስከ ባጃጅ ተራ ድረስ ስንከራከር ሄድን። «አንተ ተሳስተሃል!» ትለኛለች፣ እኔ «አንቺ ነሽ!» እላታለሁ፤ ሰው ዞሮ ያየናል። እንዲህ ተከራክሬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ዛሬ እንቅልፌን ጠግቤ ተነሳሁ። ከምሳ በኋላ እማ በረንዳ ላይ በቆሎ እየፈለፈለች «እስቲ ምን ብለሽ ጻፍሽ? በአማርኛ ንገሪኝ» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ትምህርት ቤቱን፣ ሐኪሙን፣ በር በሩን የምታየዋን እናት። እናቲቱ ጋ ስደርስ መፈልፈሏን አቆመች።

«በመጨረሻስ? አንች ምን አልሽ?»

«ባይመለስም ይሁን አልኩ።»

በእጇ የያዘችውን በቆሎ አገላበጠች።

«ጥሩ ብለሻል» አለችኝ። «ካለፍሽ ትሄጃለሽ። ልከለክልሽ አይደለም። ግን ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። ለመንደሩ ሁሉ ‹ባሕር ልትሻገር ነው› እያልኩ የምለፈልፈው እንዳላለቅስ ነው።»

«እማ፣ ይቅርብኝ እንዴ?» አልኳት።

«ሞኝ! ሂጂ አልኩሽ እኮ!» ብላ በቆሎ ወረወረችብኝ። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። የኔ አላቀረረም፤ ፈሰሰ። ከዚያ ሁለታችንም አብረን ፈለፈልን፣ እስኪያልቅ ድረስ።

ውጤቱ ሰኔ ላይ ነው። ለማለፍ ቋምጫለሁ፣ ሌሊት እንኳ በሕልሜ የማየው እሱን ነው። እማን በዚህች በረንዳ ላይ ብቻዋን ትቼ መሄድ ደግሞ አልፈልግም። ሁለቱንም የምለው እኔ ነኝ።