ግራኙ ማሙሽ

ውድ ማሙሽ፣

«ውድ» የሚለውን ሰርዤ መልሼ የጻፍኩት ነው። ሌላ ምን ብዬ እንደምጠራህ አላውቅም። ከእሁድ ጀምሮ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስቀድ ሰነበትኩ።

መጽሐፍህን የገዛሁት ካዛንቺስ፣ ቢሮዬ አጠገብ ሲሸጥ አይቼ ነው። ሽፋኑ ላይ በግራ እግርህ ቅጣት ምት ስትመታ የተነሳኸው ፎቶ አለ። «አብሮ አደጌ ነው፤ እኔንም ማሙሽ ነበር የሚሉኝ፤ አንድ ሰፈር ሁለት ማሙሾች ነበርን» እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ ጉራዬን ስነዛ ዋልኩ።

እማዬን ታውቃታለህ። ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት መጽሐፉን ይዤ ቂርቆስ እሷ ቤት ስሄድ ያለ እሷ ቀድሜ እንዳላነብ አስማለችኝ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጥቂት ጥቂት አነብላታለሁ። እኛ ቤት ምሳ መብላትህን፣ የእኔን ሹራብ ለብሰህ ትምህርት ቤት መሄድህን ስትሰማ «ልጄ አልረሳኝም» እያለች ትስቃለች።

ባለፈው እሁድ ክለብ የገባህበት ታሪክ ላይ ደረስን። እንዲህ ብለህ ጽፈሃል፦

«ስንጫወት ያየን የክለቡ ሰው "ግራኙ ማሙሽ ለሙከራ ይምጣ" ብሎ ላከ። መልእክተኛው ያገኘው እኔን ነበር። ግራኙ ማሙሽ አምኃ ነው፤ እኔ ቀኝ ነኝ። የተጠራው እሱ መሆኑን እያወቅኩ ሄድኩ። ሜዳ ላይ የጠበቁኝ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ መልካችንን አያውቁም። ግራ እግሬን አሞኛል ብዬ ክረምቱን እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው።»

ይህን ድምፄን ሳላወጣ በዓይኔ ብቻ አነበብኩት። ያንን ክረምት አስታወስኩት። ከምሳ በኋላ እየመጣህ «ግራዬን አለማምደኝ» ስትለኝ ለሰፈር ዋንጫ መስሎኝ ነበር። በቀኝህ በነካህ ቁጥር እየተቆጣሁህ፣ ጭቃ ለጭቃ እየተንከባለልን አስተማርኩህ። መስከረም ላይ ክለብ ገባህ። እኔ ደግሞ የሚጠራኝ ባጣ ጊዜ ጫማዬን ሰቀልኩ። እማዬ «አምላክ ላንተ ያላለው ነው» ብላ አጽናናችኝ። አምላክስ ብሎልኝ ነበር፣ ማሙሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ፤ ይህን ያህል ዘመን ያድራል ብሎ የነገረኝ ግን የለም።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ እማዬ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ።

እንዴት ብዬ ላንብብላት? ዓይኔን ገጹ ላይ ተክዬ የሌለውን አነበብኩ። «ለሙከራ ስወጣ የአምኃ እናት እትዬ አስቻለች "ሂድ ልጄ፣ ይቅናህ" ብላ መረቀችኝ» ይላል አልኳት።

አለቀሰች። «እውነቱን ነው» አለች። «በር ድረስ ሸኝቼ እንዲሁ ነው ያልኩት።»

ይህን መጽሐፍህ ውስጥ አልጻፍከውም። የእኔን ዕድል ይዘህ ስትሄድ የእኔ እናት መርቃ ሸኝታሃለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እሁድን መጠበቅ ትታ፣ ከሥራ መልስ ብቅ ባልኩ ቁጥር «እስቲ ያቺን ቦታ ድገምልኝ» ትለኛለች። ትናንት «ሂድ ልጄ» የሚለውን ዘልዬ ባነብ «ባለፈው እንዲህ አልነበረም፤ ለምን ትቀንሳለህ?» ብላ ተቆጣችኝ። በቃ፣ ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም።

ምዕራፉን ስትዘጋ «አምኃ ይህን ሲያነብ ይቅር እንደሚለኝ ተስፋ አለኝ» ብለሃል። የቤታችንን በር አጥተኸው ነው? ከማያውቁህ አንባቢዎች እኩል፣ ከመንገድ ላይ ገዝቼ ልስማው? ተናድጃለሁ፣ አዝኛለሁም። ጓደኛዬ ስለነበርክ ነው እንዲህ የሚያመኝ።

አሁን ሀዋሳ ልጆች እንደምታሠለጥን ሰምቻለሁ። የሚመጣው እሁድ ግን ልጆቹን ለሌላ ሰው አደራ ስጥና ና። እማዬ በድምፅህ ትለይሃለች። መጽሐፉን እሰጥሃለሁ፤ ያቺን ቦታ አንተው አንብብላት። የጻፍከውንም ብታነብ፣ እኔ የፈጠርኩትንም ብትደግም፣ አላቋርጥህም። አጠገባችሁ ተቀምጬ እሰማለሁ። ይቅር ልልህ እንደምችል ወይም እንደማልችል የማውቀው ያኔ ነው።

አብሮ አደግህ፣
አምኃ