የምስር ሳምቡሳ

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 1974 ዓ.ም.

ለደቻቱ ወንዝ ማዶው ጎረቤቴ፤

የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት አድርጎህ ይሆን? ጉንፋንህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም አፍንጫህን በመሐረብ ይዘህ ነው የምትሠራው? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ወገቧን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። እናትህን ቅዳሜ መጋላ ገበያ አግኝቻቸው ነበር። ያንን ጣፋጭ ሙሸበካቸውን በዘይት እየጠበሱ፣ ልጄ ደብዳቤ አይጽፍም ብለው አሙህ። እኔም አብሬ አማሁህ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አንድ መጽሐፍ ልነግርህ ነው። ድሬ ሰሞኑን ሌላ ወሬ የላትም። የፍቅር ልቦለድ ነው፤ ቀላል፣ ሳቅ የበዛበት፣ በየምዕራፉ የሚበላ የሚቀርብበት። ታሪኩ ደግሞ የሚሆነው እዚሁ እኛ ከተማ ነው! ልጁ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጣል፤ ልጅቷ ከዚራ ሰፈር ልብስ ትሰፋለች፤ ሁለቱም ማርያምን ብለው የሚምሉ የደገኛ ልጆች ናቸው። ቀትር ላይ ከተማው በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ እኛ በረንዳው ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን እኔ አነባለሁ፤ እማዬና ሱቋን ቆልፋ የምትመጣው ጎረቤታችን ሻሚስ ይሰማሉ። በእንቁላል የተጋገረው ፈጢራ ላይ ማር ሲንጠባጠብ አንብቤ ምራቄን ስውጥ፣ እማዬ በዓቢይ ጾም ይህን መስማት ራሱ መግደፍ ነው ብላ ተቆጣች። ትንሽ ቆይታ፣ በይ ቀጥይ አለችኝ።

ያንን አጻጻፍ ብታየው! ሙቀቱን ሙቀት ነው ብሎ አይነግርህም፤ ልጅቷ ሐብሐቡን መጀመሪያ ጉንጯ ላይ ታስደግፈዋለች፣ ከዚያ ትበላዋለች። ፍቅሩም እንዲሁ ነው። እወድሻለሁ የሚል ቃል በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ልጁ የፓፓያውን ፍሬ አውጥቶ፣ ሎሚ ጨምቆ፣ መሐሉን ለእሷ ይሰጣል፤ ጠርዝ ጠርዙን ራሱ ይበላል። በቃ፣ ይኸው ነው። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ማንበቤን ትቼ ውሃ ጠጣሁ፤ እነሱ ጉሮሮዬ የደረቀ መሰላቸው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጉግሳ እንኳ ተሸንፏል። ንዑስ ከበርቴ ንዑስ ከበርቴ ይሸታል ብሎ ለምርመራ ወሰደው። ሲመልሰው የፈጢራው ገጽ ላይ የማር ጣት ታትሞበታል። ስለ አብዮቱ ምንም አላነሳም፤ ደራሲው ሌላ መጽሐፍ አለው ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

አንድ እንከን ግን ተገኘበት። ያገኘችው ሻሚስ ናት። የመጨረሻውን ገጽ አንብቤ ስዘጋ እጇን አጨበጨበችና፣ «አቦ! ይህ ሰውዬ ልኳንዳ ቤት አያውቅም እንዴ? ከጫፍ እስከ ጫፍ ይበላሉ፣ አንድ ቀን ሥጋ አይነኩም! ሳምቡሳው እንኳ የምስር ነው። እኔና አንቺ ብንሆን ይገባኛል፤ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ አይገናኝም። እነዚህ ግን ሁለቱም ክርስቲያን! ወላሂ ረስቶታል» አለች። እማዬ፣ ደራሲው ጾመኛ ይሆናል ብላ ተከላከለችለት። እኔ ፓፓያዬን መላጤን ቀጠልኩ።

አንተ ማተሚያ ቤት ስለምትሠራ ይህን ሰው ታውቀው ይሆናል። ሽፋኑ ላይ ያለው የብዕር ስም ነው ይላሉ። ካገኘኸው፣ አንዲት አንባቢህ እንዲህ የሚጣፍጥ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም ብላሃለች በለው። ስለ ሥጋውም፣ እሷ እንከን አላለችውም በለው።

የጠላሁበት መጨረሻውን ነው። ልጅቷ ፈጢራ በጋዜጣ ጠቅልላ ጣቢያው ላይ ቆማለች፤ ባቡሩ ገባ ይልና ያልቃል። ልጁ ወረደ? አልወረደም? ሻሚስ አልወረደም ብላ አለቀሰች። ለመጽሐፍ ያምር ይሆናል፤ ቆማ ለምትጠብቅ ሰው ግን ፈጢራው ይቀዘቅዛል።

ሌላው ወሬ፣ ሽማግሌ ተልኮብኛል። ሰውዬው ፋብሪካ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ እንከን የማይወጣለት ሰው ነው። እማዬ ለሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ኑና መልሳችሁን ውሰዱ ብላቸዋለች። እኔ ሰውዬውን አልፈልገውም። ይህን ለእማዬ ለመናገር ግን አንድ የምይዘው ነገር ያስፈልገኛል፤ በባዶ እጅ እንቢ ማለት ለኔ ዕድሜ ከባድ ነው።

ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ልጀምር ስል እማዬ በረንዳው ላይ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ለምሳ መስሎኝ ላግዛት እጄን ስዘረጋ ሰፌዱን ሸሸት አደረገችው። ለፋሲካ ነው አለችኝ። እማዬ፣ አገር ሁሉ በግና ዶሮ ሲያርድ እኛ በፋሲካ ምስር ልንበላ ነው ወይ ብላት፣ ቀና እንኳ አላለችም። ምናልባት በባቡር እንግዳ ቢመጣብን፣ ከሥጋችን አይበላም፣ ሳምቡሳ ይሠራለታል አለችኝ። ከዚያ ጠጠሩን እየለየች መልቀሟን ቀጠለች።

አላህ ጤናህን ይስጥህ። ማርያምም መንገድህን ታቅናልህ። ፈጢራው በኔ ነው።

ከደቻቱ ወዲህ ያለችው ጎረቤትህ