በእምብርቴ በኩል የወጣው

ውድ ሶፎንያስ፣

የእናትህ ጓደኛ እትዬ ውባንቺ የአጥሚቱን ፔርሙዝ በራፌ ላይ አስቀምጠው ወደ ደረጃው ሸሹ። ማስካቸውን ከፍ አደረጉና ከዚያው ሆነው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ በአንዱም የወለዱ ሞልተዋል» አሉኝ።

«በአንዱ ምን፣ እትዬ?»

ዓይናቸው ፈጠጠ። «ውይ አፌን! በይ ሳይቀዘቅዝ ጠጪው» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በላስ ቬጋስ የነሐሴ ሐሩር አጥሚት የሚቀዘቅዝ ይመስል።

ሁሉም ነገር የተበላሸው ያኔ ነው፤ አንተ አላየህም።

ኦፕራሲዮኑን ታስታውሳለህ። ሐኪሙ እምብርቴ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ከፍቶ፣ ጠጠር የሞላውን የሐሞት ከረጢቴንም፣ እንቁላል ማምረቻዬ ላይ የበቀለውን ዕጢም በአንድ ጊዜ እንደሚያወጣ ሲነግረን፣ «ሁለት ሥራ በአንድ ሺፍት! ኦቨርታይም አይጠይቅም?» ብለህ አሳቅከኝ። ዕጢው ከተጣበቀ ማምረቻውም አብሮ ሊወጣ እንደሚችል ነግሮኛል፤ አውቄ ፈርሜያለሁ። በሐኪሙ ቅሬታ የለኝም።

በኮሮና ምክንያት አስታማሚ አይገባም ነበር። አንተ ፓርኪንግ ውስጥ ስልክ ጠበቅህ። ሐኪሙ እንዲደውልልህ ስምህን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከአባቴ አስቀድሜ አንተን።

ማደንዘዣው ሳይለቀኝ መኪናህ ውስጥ «ሐኪሙ ምን አለህ?» አልኩህ።

«ሁሉም ሰላም ነው፣ ተኚ» አልክና ቀበቶው ሆዴን እንዳይነካኝ ትራስ አኖርክልኝ። እስካሁን የሚያስለቅሰኝ ያ ትራስ ነው።

እትዬ ውባንቺ እንደሄዱ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። «የግራው እንቁላል ማምረቻሽ ወጥቷል። ስትነቂ ነግሬሻለሁ፤ ለእጮኛሽም ነግሬዋለሁ» አለኝ። እኔ መንቃቴንም አላስታውስም። ከዚያ አንተ ጋ ደወልኩ።

«መርዶ እኮ በድንገት አይነገርም፣ ሐሌ። እስክትጠነክሪ ብዬ ነው።»

«ለእናትህስ?»

«እናቴ ናት እኮ!»

«እትዬ ውባንቺስ?»

«እሱማ… እማዬ ጸልዩላት ብላ ነው።»

መርዶ ደንብ አለው፤ ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ለባለቤቱ ይነገራል። እናንተ ተሰበሰባችሁ፣ አዘናችሁ፣ የሐዘኑን ባለቤት፣ እኔን፣ መጥራት ብቻ ረሳችሁ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ሶፊ። የማላውቀውን ሰው እንኳ መድኃኒቱ የሚያመጣበትን ጉዳት ሳልነግረው አልሸኝም። የእኔን ሆድ ግን ከኢንተርፕራይዝ ሰፈር እስከ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ያለ ሐበሻ ከእኔ በፊት አወቀው።

ቤቱ ጭር ብሏል። ኤሲው ሲያርፍ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። ሰው ቢመጣም ምግቡን በር ላይ አኑሮ ይሸሻል፤ ኮሮናውን ይፍራ እኔን፣ አላውቅም። መስታወት ፊት ቆሜ ጠባሳዬን ፈለግሁት፤ እምብርቴ ውስጥ ተደብቆ አይታይም። ማንም የማያየውን ሁሉም ያውቀዋል።

ትናንት «እማዬን አሳምኛታለሁ፣ ሰርጉ ይቀጥላል» ብለህ ጻፍክልኝ። ምን ብለህ ነው ያሳመንካቸው? በቀረልኝ ስትደራደሩ ማን ጠራኝ?

አላገባህም። ይህን እናትህም አባቴም ገና አልሰሙም፤ ባለቤቱ ቀድሞ ይሰማል ብዬ ላንተ ጻፍኩ።

እወልድ ይሆናል፣ አልወልድም ይሆናል። ከእንግዲህ ግን የገላዬን ወሬ ከእኔ ቀድሞ የሚሰማ ሰው አልፈቅድም። «ላንቺ ብዬ ነው» የሚሉትን ዝምታ አልቀበልም። የእናትህንም እሺታ አልቀበልም፤ አልጠየቅኳቸውምና።

ሐሌሉያ