ግራጫው ግድግዳና የቅቤህ ወዝ

ግርማዬ፣ አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። አምቦ ላይ ዘንድሮም ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ እኛ ደህና ነን። ቤታችንን ግን ብትመጣ አታውቀውም፤ ሳሎኑን ግራጫ አስቀባነው።

አመድ ልትለው እንደሆነ አውቃለሁ። የመረጠችው ልጃችን ሌንሴ ናት። እጮኛዋ ሽማግሌ ሊልክ ሲል አንተ የቀባኸው አረንጓዴ አሳፈራት። ብዙ ያልጠቆረ፣ ብዙም ያልነጣ ግራጫ ይሁን አለች። ቀለሙን በባጃጅ ስናስገባ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ሙሽራ የሚወጣበት ቤት አመድ ይቀባል ወይ ብለው አሾፉ። የሳቸው ግድግዳ ተልጦ ጭቃው ወጥቷል። አመድ በዱቄት ይስቃል አልኩ በሆዴ።

እኔን የበላኝ ሌላ ነገር ነው። ከወንበርህ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ወዝህ። እህትህ ከጊንጪ ቅቤ ባመጣችልህ ቁጥር ለራስ ምታቴ ብለህ አናትህን ትቀባና ግድግዳውን ትደገፍ ነበር። ስንት ዓመት ተቆጣሁህ፣ ስንቴ በሳሙና አሸሁት። ከሄድክ ወዲህ ግን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ፎቶህማ አለ፤ ለመታወቂያ ብለህ ፊትህን ያጠበቅክበት ነው። ወዙ ላይ ግን አንተው ነህ።

ይህን ለሌንሴ መንገር ደስታዋ ላይ ለቅሶ ማምጣት መሰለኝ። ቀቢው ሮለሩን ሲያሳልፍበት ጓሮ ወጥቼ ጎመን ቀነጠስኩ።

በማግስቱ ወዙ በግራጫው ላይ ወጥቶ አገኘነው። ደግሞ ቀባው፣ ደግሞ ወጣ። ቀቢውም ተፍቆ መጀመሪያ ዘይት ቀለም ካልተቀባ ቅቤ አይለቅም አለና መፋቂያውን አነሳ። ሌንሴ ሽማግሌዎቹ ነገ ሊመጡ ነው ብላ ተጨንቃለች። ወደ እኔ ዞር ስትል ግን እንባዬን አየች። መፋቂያውን ከሰውየው እጅ ተቀብላ፣ ይበቃል፣ አባዬም ይገኝ አለች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ባንተ ፋንታ ቃል የሚሰጠው ወንድምህ ነበር፤ እሱ ግን እጄን ይዞ ወንበርህ ላይ አስቀመጠኝ። ትልቁ ሽማግሌ፣ ኦቦ ግርማ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር ብለው ጠየቁኝ።

«እሺ ይል ነበር» አልኩ። «ከዚያ ጓሮ ወጥቶ ያለቅስ ነበር።»

ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ልጃችንን ሰጠን።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ስጨርስ እዚያው ወንበርህ ላይ እቀመጣለሁ። እህትህ ሰሞኑን ቅቤ ልካ ነበር፤ እኔም አናቴን ተቀባሁ። ቁመቴን ታውቀዋለህ፤ ከወዝህ ዝቅ ብሎ አንድ ትንሽ ክብ ጀምሯል። እስካለሁ ድረስ አልረሳህም፣ አጠገብህ እደገፋለሁ። ሌንሴ አይታ ትቆጣን።