ሦስቱ ቀን የት ገቡ፦ የአቶ ዘርዓብሩክ ገብረዮሐንስ የሕይወት ታሪክ

ሰባት ዓመት በሆዴ የያዝኩት ነገር አለ፤ ከእሱ ልጀምር። የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ለጥቂት ቀን ተቀብሎ ቤተሰብን የሚያሳርፍ ቤት አለ። ወንድሜ አቶ ዘርዓብሩክ ከዚያ ሲመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ «ጨዋ ሆነው መጡ» ብሎ አመሰገነ። እኔ አላመሰገንኩም። ጨዋነቱ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ምኑን አመሰግናለሁ?

አቶ ዘርዓብሩክ ከአባታቸው ከአቶ ገብረዮሐንስ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺመቤት አየለ፣ መስከረም 1969 ዓ.ም.፣ በአራዳ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ተወለዱ። አምስት ዓመት እስኪሞላቸው አልተናገሩም። በ1977 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው በሦስተኛው ቀን ክፍሉን ይረብሻሉ ተብለው ተመለሱ። ትምህርታቸው ይኸው ነው። እኔም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩምና በዚህ አንተዛዘብም።

ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳ በአባታችን ወርቅ ቤት ቀለበትና መስቀል እየወለወሉ ሃያ ሁለት ዓመት ሠሩ። እጃቸውን የሚያውቅ ደንበኛ «ዘሩ ይወልውለው» ይል ነበር። ትዳር አልመሠረቱም፤ ልጅም አልወለዱም። እናታችን ቀደም ብለው፣ አባታችን በ2006 ዓ.ም. ሲያርፉ ከእኔ ጋር መኖር ጀመሩ።

ማንበብ ባይችሉም የወሩን በዓላት አንድ በአንድ ያውቁ ነበር። ጠዋት ዓይናቸውን እንደገለጡ «ዛሬ ሚካኤል ነው»፣ «ዛሬ ገብርኤል ነው» ይላሉ። ጽዋ የሚጠጣው ሁሉ ቀኑን የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስተው አያውቁም።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ስገባ፣ ከስድስት ኪሎ ወዲያ ያለው፣ ቅድም ያነሳሁት ማሳረፊያ ቤት ተቀበላቸው። በ18 ገብተው በ23 ወጡ። በማግስቱ፣ በተክለሃይማኖት ጠዋት፣ «ዛሬ ማርያም ነው» አሉኝ። ሦስት ቀን ጎደለባቸው ማለት ነው። ሰው ቀን የሚጠፋበት ተኝቶ ከዋለ ነው።

የቤቱን ኃላፊ ወ/ሮ ማክዳን ጠየቅኩ። ወንድሜ እንዳላስቸገሩ፣ እኔ ግን ተጠራጣሪ እንደሆንኩ ነገሩኝ። አዎ፣ ነኝ። አምስት ዓመት ዳግመኛ አልሰደድኳቸውም፤ አንድ ቀን ሳላርፍ ወገቤ ተቆረጠ።

በ2015 ዓ.ም. ግን አልቻልኩም፤ መልሼ አስገባኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሳልናገር በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ዘበኛው ቤተሰብ የሚገባው እሑድ ብቻ ነው ብሎ ከለከለኝ። በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ዳቦ የሚያመጣው መኪና ሲገባ ከኋላው ገባሁ። ዘጠኝ ሰው በጠራራ ፀሐይ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ጠባቂዋ አንዲት ሴት ናት። የነቃችው ከወንድሜ አጠገብ ያለችው ለተክርስቶስ ብቻ ነበረች።

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፤ ተኝተዋል» አለችኝ። «እኔ ነጯን ኪኒን ከምላሴ ሥር ደብቄያት ነው።»

ከዚያ ቤት አልወጣሁም። ለሌሎቹ ቤተሰቦች ደወልኩ፤ ስድስቱ መጡ። ወ/ሮ ማክዳ ሠራተኛ ስለሌለ ካልተኙ አንችላቸውም አሉ። ሠራተኛ ከሌለ ሰው አትቀበሉ አልን። ሐኪም ካላዘዘ ኪኒን እንዳይሰጥ፣ ቀን ቀን ሦስት ጠባቂ እንዲኖር፣ ቤተሰብም በፈለገው ሰዓት እንዲገባ ተጽፎ ፈረምን። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በየሦስት ወሩ ሄደው ቀናቸውን ሳይስቱ ተመልሰዋል። እኔም አርፌያለሁ፣ አልዋሽም። ሳልናገር ብቅ ማለቴን ግን አላቆምኩም።

ዘንድሮ ጥር መጨረሻ ላይ ሳል ጀመራቸው፤ የሳንባ ምች ሆኖ አሥራ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተኙ። ያ ኪኒን ይሆን ወይ ብዬ ስጠይቅ ሐኪሙ አይደለም አሉኝ። ይሁን አልኩ፤ አምኛለሁ ግን አላልኩም። የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። የተዉት እኔን እህታቸውን አይናዲስንና ልጄን ዳኒኤልን ነው። አምላክ ነፍሳቸውን በእጁ ይቀበላት፤ የመጣችሁልንንም ሁሉ ደግ ቀን ያምጣላችሁ።

ትናንት ወ/ሮ ማክዳ ሊያጽናኑኝ መጥተው፣ እዚያ የማየው ሰው ስለሌለ መመላለሱ እንደቀረልኝ ነገሩኝ። ለደግ ብለው ይሆናል። እኔ ከልቅሶው ተነስቼ የለተክርስቶስ እናት ወ/ሮ ንግስቲ ቤት ሄድኩ፤ እሳቸውን እግራቸው ከቤት አያወጣቸውም። በእሳቸው ፈንታ ልመላለስ አልኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። ከዚያ ማሳረፊያ ቤቱ ገብቼ፣ በለተክርስቶስ ፎርም ላይ ቤተሰብ በሚለው ቦታ ስሜን አስጽፌ ፈረምኩ።