ከዴስክቶፑ ላይ ስለተነሣው ድምፅ መቅጃ

ለተከበራችሁ የንጋት የሕዝብ ኮምፒውተር ማዕከል ፕሮግራም መራጭ ኮሚቴ
አቃቂ በሰቃ
መጋቢት 2001 ዓ.ም.

የከበረ ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። ጤናችሁ እንዴት ነው? ወገባችሁስ? ሦስት ወር ሙሉ ተቀምጣችሁ ስትገማገሙ ስለከረማችሁ ለወገባችሁ በጣም ነው የምሰጋው። እኔ ብዙወርቅ ነኝ፤ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ የነበረው የወልደሚካኤል ባለቤት። አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ውስጣቸው ያለው ሁሉ ጠፍቶ ታጥበው፣ ገና ሲከፈቱ እናንተ የመረጣችኋቸውን ፕሮግራሞች ብቻ እንዲያሳዩ መወሰናችሁን ባየሁ ጊዜ፣ ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አቅቶኝ ይህንን ጻፍኩ።

1ኛ. ቼዝ ስለገባልን አመሰግናለሁ። የካርታ ጨዋታውም ሁለት ዓይነት ሆኗል፤ አንዱ ሲሰለቸን ወደ ሌላው እንድንዞር ታስቦልናል።

2ኛ. የዓለም ከተሞችን ሰዓት የሚያሳየውም መልካም ነው። ቶኪዮ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳናውቅ እዚህ አቃቂ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት እንደኖርን እግዜር ይወቅ።

3ኛ. ድምፅ መቅጃው «ተጠቃሚ የለውም፣ ልማታዊም አይደለም» ተብሎ ወጥቷል። ተጠቃሚ እንኳ ነበረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ማን እንደሞተና ቀብሩ የት እንደሆነ የሚሰማው በወልደሚካኤል ድምፅ ነበር። ሐኪሞች ጉሮሮው ሲቀደድ ድምፁ እንደሚቀር ሲነግሩት፣ አራት ቅዳሜ ኮቱን ለብሶ ሰባተኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። የማዕከሉ አስተባባሪ እድላዊት የምነካውን ቁልፍ አሳየችኝ፤ እኔ እነካለሁ፣ እሱ ይጠራል። ተተኪው እንዲማርበት ብሎ የጥሪውን ሥርዓት ሁሉ ቀዳ። በመጨረሻ የራሱን ሞት ቀዳ። መሐል ላይ ሳቁ አመለጠውና፣ ሙት አይስቅም፣ እንደገና ጀምሪልኝ አለኝ። የሳቀበትንም ሳላጠፋ አስቀመጥኩት።

ጥር ላይ ዐረፈ። የእድራችን ዳኛ አቶ ዱጉማ ድምፅ ማጉያ ተውሰው፣ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ድምፁን አውጥተን ለሰፈሩ ልናሰማ ማዕከሉ መጣን። ቼዙ አለ፣ ካርታው አለ፣ ቶኪዮም አለች። እሱ የለም። ፕሮግራሙ ሲወጣ የተቀዳውም አብሮ ታጥቧል።

ስለዚህ አቶ ዱጉማ ራሳቸው ወጥተው ጠሩት። ለሥራው አዲስ ናቸው፣ ደግሞም እያለቀሱ ነበርና የአባቱን ስም ዘለሉት። በሰቃ ውስጥ ሌላ ወልደሚካኤል ስላለ ግማሹ ሰፈር እዚያ ሄዶ አልቅሶ፣ ሟቹ በር ከፍቶ አስተናገደው። ወደ እኛ ሲደርሱ ባሌን ቀብረን ተመልሰናል። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰውን ሁሉ በሰዓቱ ለቀብር ያደረሰ ሰው፣ ለራሱ ቀብር ግማሽ ሰው አጣ።

4ኛውንም ጀምሬው ነበር፤ ስለ ወንበሮቹ ነው፤ ይቅር።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ወደፊት ከማጠባችሁ በፊት በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ የራሱን ነገር የሚወስድ ካለ ይውሰድ በሉ። ልብስ የሚያጥብ ሰው እንኳ መጀመሪያ ኪስ ይፈትሻል።

ለስብሰባችሁ ርዝመትን፣ ለቃለ ጉባኤያችሁ ውበትን፣ እያንዳንዳችሁም በስማችሁ ከነአባታችሁ የሚጠራችሁ ሰው እንዳታጡ እየተመኘሁ፣

አክባሪያችሁ
ብዙወርቅ

ይህንንም ልጨምር፦ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጌዲዮን ለቅሶ ሲደርሱ፣ የባልሽ ድምፅ ከጆሮዬ አይጠፋም ብለውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ የቀረው ቅጂ እሳቸው ጆሮ ውስጥ ያለው ነውና፣ በሚቀጥለው ግምገማ እንዳታወጡት አደራ።